የሁዳዴው ማጣሪያ

«በልታችኋል?» ይለናል አሰልጣኙ፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ።

«አዎ ጋሼ!» እንላለን አምስታችንም በአንድ አፍ።

ውሸት! ሁዳዴ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ እስከ ዘጠኝ ድረስ እህልም ውሃም በአፋችን አይዞርም። የፍኖተ ሰላም የመጋቢት ፀሐይ ደግሞ አናት ይበሳል። እሱ በልተዋል ብሎ አሥር ዙር ያዛል፣ እኛ ባዶ ሆዳችንን ይዘን እንሮጣለን። አሰልጣኝን አክብሮ መዋሸት! እንዲህ ያለ ጉድ ከኛ በቀር የት ይገኛል?

ድሮ እንዲህ አልነበርንም። መምህራን ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት የሴቶች የረጅም ርቀት ቡድናችንን የያዙት አንድ ሽማግሌ የስፖርት መምህር ነበሩ። ጾም ሲገባ ማንም ሳይነግራቸው ልምምዱን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ያዛውሩታል። ብስክሌታቸውን እየገፉ አጠገባችን ይሄዱና «ዛሬ ደግሞ ያኮረፈችው ማን ናት?» ይሉናል። እኛም ሁሉን እንነግራቸዋለን። ጡረታ ሲወጡ ተቃቅፈን አለቀስን።

አዲሱ ከባሕር ዳር የመጣ ወጣት ነበር። ክፉ ነው ብል እግዜርም አይወደው። ግን ስቶፕዋችና ደብተር ብቻ ነበር የሚያየው። የእያንዳንዳችንን ሰዓት ጽፎ ዶርማችን በር ላይ ይለጥፋል። የመጨረሻ የወጣችው የአምስታችንንም ቦርሳ ተሸክማ ወደ ግቢ ትመለሳለች። በመጣ በሳምንቱ አንዷ «ጋሼ፣ ጉልበቴን እያመመኝ ነው» ብትለው በሁላችን ፊት «ሰበብ!» ብሎ ጮኸባት። በቃ። ከዚያ ቀን ወዲያ እውነት የነገረችው የለችም።

አምበሏ እኔ ነበርኩ። ይነገረው ቢባል ልነግረው የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ፈራሁ። ሰዓታችን በየሳምንቱ እየባሰ ሲሄድ እሱ «ሰንፋችኋል» ብሎ ዙር ይጨምራል። እኛም ተቀያየምን። ድሮ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትጠብቃት ነበር፤ አሁን የምናስበው ቦርሳውን ማን ትሸከማለች የሚለውን ብቻ ሆነ። እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ሲሸከም ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ብዙውን ጊዜ የምትሸከመው ትንሿ ነበረች። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፤ ከአዴት ገጠር የመጣች የቄስ ልጅ። «እታለም» እያለች ከኋላዬ አትለይም። አባቷ በደወሉ ቁጥር ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቋት ስለ ጾሟ ነው። በባዶ ሆዷም ሆና አንዳንድ ቀን ትቀድመኝ ነበር። በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አራተኛና አምስተኛ ሆነን እኔና እሷ እንፈራረቅ ነበር።

ከዚያ ማጣሪያው መጣ። ቡሬ ላይ የኮሌጆች ውድድር አለ፤ የሚሄዱት አራት ናቸው። ሦስቱ ታውቀዋል። እኔ ወይ እሷ። ለእኔ የመጨረሻ ዓመቴ ስለነበር ያቺ ቦታ ካመለጠችኝ ሌላ የለኝም።

የማጣሪያው ቀን ረቡዕ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ሹልክ ብዬ ወጣሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለች ዳቦ ቤት ገባሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሁለት ዳቦ በሻይ በላሁ። ስምንት ሰዓት ላይ «በልታችኋል?» ሲል ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሁላችንም በልተናል ጋሼ!» አልኩት።

ሩጫው በጠጠሩ መንገድ እስከ ባሕር ዛፎቹ ሄዶ መመለስ ነው። ስንሄድ ትንሿ ቀደመችኝ። ስንመለስ ግን እግሯ ሲተሳሰር አየሁ። አጠገቧ ስደርስ ትንፋሿ ያፏጫል። አለፍኳት። ሃያ እርምጃ እንኳ ሳልሄድ ከኋላዬ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጠጠሩ ተንሸራተተ። ዞር አላልኩም! ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሮጥኩ።

አራተኛ ወጣሁ። «ጎበዝ!» አለኝ፤ ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ስቶፕዋቹን እያየ ቆመ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሌላም አለፈ።

«ያቺ ልጅስ?»

«ከኋላ ናት» አልኩ።

ሞተር ሳይክሉን አስነሳ፣ እኔም ሳልጠየቅ ከኋላው ወጣሁ። በመንገዱ ሁሉ «እመቤቴ አደራሽን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ከወፍጮ ቤት የሚመለሱ ሴቶች ከበዋት አገኘናት። አንዷ እናት ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው ከጀሪካን ውሃ ሊያጠጧት ይለምኗታል። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች ትንሿ።

«ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ» አላት አሰልጣኙ።

አፏን ግጥም አደረገች።

«የታመመ ሰው እኮ አይጾምም ልጄ! ኧረ በማርያም ቅመሺ» አሉ ሴትዮዋ። እሷ ወይ ፍንክች።

አሰልጣኙ ተንበረከከ። «በልተሻል አይደል እንዴ?»

አየችኝ። አምበሏ በልተናል ብላለች፤ አምበሏን ውሸታም ልታደርጋት አልፈለገችም። «በልቻለሁ ጋሼ» አለች።

«አልበላችም!» ብዬ ጮህኩ። «ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ አንዳችንም በልተን ሮጠን አናውቅም። ዛሬ የበላሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስትወድቅም ሰምቻለሁ!»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ሰበብ ይሉናላ!»

ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ቆይቶ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ «እኔም እኮ አልበላሁም» አለ። «በልተናል ስትሉኝ የኮሌጅ ልጆች አይጾሙም ብዬ አሰብኩ።» ሁላችንም በየፊናችን ስንጾም ሰነበትን፣ አንድ ሰው አፍ አውጥቶ ሳይናገር።

ጀሪካኑን ከሴትዮዋ ተቀበለና አንድ ጊዜ ተጎነጨ። «ይኸው፣ እኔም ገደፍኩ። ጠጪ። አባትሽን እኔ አናግራቸዋለሁ።» ያኔ ጠጣች።

በማግስቱ ከበራችን ላይ ወረቀቱ ተነሳ፤ ልምምዱም አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። እሱ ራሱ ቦርሳ መሸከም ጀመረ። ቦታዬን ለትንሿ ስለቅ «እርግጠኛ ነሽ?» ብቻ አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡሬ ላይ በቡድን ሦስተኛ ወጣን፤ ትንሿ ሁለት የሌላ ኮሌጅ ልጆችን ቀድማ ገባች። ከሁሉ በላይ ግን የሚታወሰኝ ከመነሻው በፊት የሆነው ነው።

ቅዳሜ ስለነበር ጠዋት መብላት ይቻላል። እኔ የአራቱንም ቦርሳ ይዤ ቆሜያለሁ። አሰልጣኙ እንደ ድሮው በጅምላ አልጠየቀም፤ አንድ በአንድ እየዞረ «በልተሻል?» ይላል፣ ዓይናቸውን እያየ። ሦስቱ በልተናል አሉ። ትንሿ ዘንድ ደረሰ።

«በልቻለሁ ጋሼ። እሷ ግን ከትናንት ጀምሮ አልበላችም» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

እውነቷን ነበር። ከዚያች ረቡዕ ወዲህ ዳቦ ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ነበር። እሷም ከእጄ የራሷን ቦርሳ ወስዳ ከፈተችው፣ ግማሽ ዳቦ አወጣችና «እታለም፣ ብዪ» አለችኝ። ሁሉም እያዩኝ በላሁ።