በር የሌለው ካምፕ ቁልፍ

ታናሽ ወንድሜ በር የሌለው ካምፕ ቁልፍ ያዥ ነበር። ትግራይ ላይ ጦርነቱ በተነሳበት ዓመት፣ እዚህ ሐራ አጠገብ የባቡር ሐዲድ ይሠሩ የነበሩት ቻይናዎች ለዓመት በዓላቸው አገራቸው ሊገቡ ተነሱ። ጸደይ ሲገባ እንመለሳለን ብለው የካምፑን ቁልፍ ለእሱ፣ ለዘበኛቸው፣ ሰጡት። ያ ጸደይ ሳይመጡ አለፈ፤ ከዚያ ጦርነቱ እኛም ዘንድ ወረደ። ታጣቂው የተወውን ጎረቤት አነሳው፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሳይቀር ሄደ። የእኔ ጀግና ግን ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይንጎራደዳል።

ይሁን ብለን በተውነው። ሰውዬው ጭራሽ ወራቱን ከእነሱ በተማረው የቻይና ቆጠራ ይዞት አረፈ! ዝናብ የሚጀምርበት ቀን አለ፣ ትል ከአፈር የሚነቃበት ቀን አለ። ቀንና ሌሊቱ እኩል ሲሆን ደግሞ እንቁላል በቁሙ ይቆማል ብሎ፣ ከዝርፊያ የተረፈችው ዶሮዬ የጣለችውን ወስዶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲታገል አረፈደ። መጨረሻ ላይ ቆመለት።

«አየሽ እትዬ! ጸደዩ ገብቷል፣ ሰሞኑን ይመጣሉ።»

እንቁላሉን ከፊቱ አንስቼ ጠበስኩት።

ግራና መንደር ያሉት አባታችን ደግሞ በሬዎቻቸው ታርደው ተበልተውባቸዋል። የቀራቸው መሬቱና ጉድጓድ ውስጥ ደብቀው ያተረፉት የማሽላ ዘር ነው። «ወንድምሽ በዶማም ቢሆን ይቆፍርልኝ፣ የበልጉ ዝናብ ካመለጠን ወላሂ ዓመቱን የምንቀምሰው የለም» ብለው ላኩ። ነገርኩት።

«ካምፑን ለማን ትቼ?» አለኝ።

«ለንፋሱ! ሌላ ማን ይፈልገዋል?»

ሰማኝ እንጂ አልተነሳም። ከእንቁላሉ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ትዕግስቴ ሲያልቅ፣ እየጎተትኩም ቢሆን ግራና ልወስደው ዶማ ተሸክሜ ካምፑ ሄድኩ። ጎንበስ ብሎ የመኝታ ቤቶቹን ወለል ከጥግ እስከ ጥግ ይጠርጋል። ጣሪያ የለ፣ አቧራው ሰማይ ይወጣል።

«ጌቶችህ ዛሬ ነው የሚገቡት?»

«አይመጡም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለማን ነው የምትጠርገው?»

ቀና አላለም። «በእነሱ ቆጠራ ዛሬ የሙታን መቃብር የሚጠረግበት ቀን ነው» አለኝ።

 እሱ ጥግ የቀረችውን አቧራ አወጣ፤ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ወለሉ መሀል አስቀመጠና ዶማውን ከትከሻዬ ተቀበለኝ።