ዴልመር ቀኝ መሪዋን የሰጠበት ቀን

ዴልመር ሃውገን በስካጊት ሸለቆ የገጠር መንገዶች ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አድሏል። መሪው በቀኝ በኩል የተሠራ መኪና እየነዳ፣ ቀኝ እጁን በመስኮት እየሰደደ፣ ከመቀመጫው ሳይነሳ የመንገድ ዳሩን የፖስታ ሳጥን ሁሉ ሲሞላ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ እንደ ሰው በግራ በኩል ተቀምጬ ልንዳ ብሎ ሞከረ። በመጀመሪያው ሳምንት የጎረቤቱን የፖስታ ሳጥን ገጨ፣ በሁለተኛው ደግሞ የራሱን። «በቃ፣ እኔ ለግራ አልተፈጠርኩም» አለና ከጃፓን አንዲት አሮጌ ኒሳን ፓኦ በመርከብ አስጭኖ አስመጣ። የወተት ቀለም ያላት፣ ክብ ዓይን፣ ትንሽዬ መኪና ነች። ሰብሳቢዎች ይሻሙባታል ቢሉትም እሱ እቴ፣ ዶናት ሊገዛ ይወጣባት ነበር።

ሚስቱ ማርሊስ በግራ ትቀመጣለች። በዚህ አገር በግራ ወንበር የተቀመጠ ሁሉ ሹፌር ነው። ማርሊስ ግን መኪናዋ ገና ከጊቢ ሳትወጣ ሹራቧን ታወጣና አንገቷን ደፍታ መሥራት ትጀምራለች። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው በሁለት እጇ ሹራብ የምትሠራ ሹፌር ሲያይ ምን ይሁን? ክላክስ የሚያስጮኸው ያስጮኻል፣ የሚያማትበው ያማትባል። አንድ የድንች ገበሬማ ደንግጦ ትራክተሩን ቦይ ውስጥ ከቷል። ዴልመር በሳቅ ይፈርሳል።

አንድ ቀን ፖሊስ አስቆማቸው። ቀጥ ብሎ ወደ ግራው መስኮት መጣ።

«እመቤቴ፣ መንጃ ፈቃድዎን።»

«የለኝም» አለች ማርሊስ፣ ከሹራቧ ቀና ሳትል።

«እንዴት አይኖርዎትም?»

«መንዳት አልችልማ!»

«እሱንስ በዓይኔ አየሁ!» አለ ፖሊሱ።

ይህን ታሪክ ዴልመር ያልነገረው ሰው በሸለቆው ውስጥ የለም። እኛም ሁለት ሁለት ጊዜ ሰምተነዋል።

እንዲህ እያሉ አሥራ አንድ ዓመት ነዱ። ከዚያ የዴልመር ዓይን ደከመና ሐኪሙ መንዳት ከለከለው። ማርሊስ ደግሞ ኩላሊቷን ታመመች። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ወደ ሆስፒታል ያመላለሳት «መልካም መንገድ» የሚባል የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ማኅበሩ ሰው የለገሰውን መኪና በጨረታ እየሸጠ ለቫኖቹ ነዳጅ ይገዛል። ማርሊስ በመጋቢት አረፈች። በቀብሯ ዕለት ዴልመር በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ ሳንድዊች ይዞ ቆሞ እያለ፣ «ፓኦን ለመልካም መንገድ ሰጥቻለሁ» ብሎ ተናገረ። ተጨበጨበለት።

ከዚያ ግን መኪናዋን የሚረከቡበትን ቀጠሮ ሦስት ጊዜ ደውሎ ሰረዘ። አንዴ ጉንፋን ያዘኝ አለ፣ አንዴ ቁልፉ ጠፋኝ አለ፣ በሦስተኛው ሰበብ ቢያልቅበት ስልኩን ዘጋው። እውነቱን ለመናገር አንጀቱ አልቆርጥለት ብሎ ነው። ማርሊስ በዓለም ላይ ደስ የሚላት ቦታ ያ የግራ ወንበር ነው ብሎ ያምናል። መኪናዋን መስጠት እሷን ሁለተኛ መቅበር መሰለው።

በአራተኛው ቀጠሮ ማኅበሩ ስልክ እስኪደወልለት አልጠበቀም። ግሌንዳ ፕሩትን ላከበት። ግሌንዳ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች፣ አሁን ለማኅበሩ ያለ ክፍያ ቫን የምትነዳ፣ ድምፅዋ ከሦስት ቤት የሚሰማ ሴት ነች። ማርሊስንም ያመላለሰቻት እሷ ነች።

«ሚስተር ሃውገን፣ ጉንፋኑ እንዴት ነው?»

«ተሽሎኛል።»

«ቁልፉስ ተገኘ?»

«ተገኘ፣ አትጨቅጭቂኝ። ይልቅ ትችያታለሽ?»

«እኔ? ስልሳ ጋጠ ወጥ ሕፃን ጭኜ በበረዶ ነድቻለሁ፣ ይቺን ሳጥን ልፈራ ነው?» አለችና በግራ በኩል ዘው ብላ ገብታ ተቀመጠች። መሪውን ለመያዝ ሁለት እጇን ዘረጋች። አየር ጨበጠች።

ዴልመር በበሩ ላይ ተደግፎ፣ «ስትጨርሺ ንገሪኝ» አላት።

«ዝም ይበሉ!»

በቀኝ ገብታም አልሆነላትም። ማርሽ ልትቀይር ስትል ቀኝ እጇ በሩን መታው። ፍሬቻ አሳያለሁ ስትል የዝናብ መጥረጊያው ተነሳ፣ ሰማዩ ደግሞ ጠራ ያለ ነው። ከጊቢው ሳትወጣ ሦስት ጊዜ ሞተሩ ጠፋባት።

«እሺ፣ ተሸነፍኩ። ከጎኔ ይቀመጡና ያሳዩኝ» አለች።

ከጎኗ ማለት ግራ ነው። ዴልመር መኪናዋን ከገዛ ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ግሌንዳ ለመደች፣ መስመሯንም ይዛ በልኩ ነዳች። የፈራው ዴልመር ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ እሱን ብሎ የሚመጣ ይመስላል። የሚይዘው መሪ የለ፣ የሚረግጠው ፍሬን የለ። አንድ የድንች ካሚዮን በክርኑ አጠገብ እየጮኸ ሲያልፍ ወደ ግሌንዳ ሸሸት አለ። ወሬ ቢይዝ የሚሻለው መሰለው።

«ማርሊስ እናንተ ቫን ውስጥ ስንት ሹራብ ጨረሰች?» አለ።

«የምን ሹራብ?»

«በመኪና ስትሄድ የምትሠራው ነዋ።»

«ከኔ ጋር አንድም ቀን ሹራብ ይዛ አታውቅም! መስኮቱ ላይ ተለጥፋ፣ 'ያ ማሳ የማነው? እነዚያ ዝይዎች ዘንድሮ ቀደም ብለው መጡ?' ስትለኝ ነው የምንደርሰው። እንደሷ መንገድ ማየት የምትወድ ሰው አላጋጠመኝም።»

ሌላ ካሚዮን መጣ። ሲያልፍ ዴልመር አንገቱን ደፍቶ ጉልበቱን ሲያይ ራሱን አገኘው። ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ረግጦ ደርቋል። የሚሠራው ሹራብ ቢኖረው ኖሮ በደስታ ይዞ ነበር።

«ፈርታ ነበር» አለ።

«ማን?»

«ማርሊስ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፈርታ ነበር የምትሄደው። መንገዱን ላለማየት ብላ ነው!»

ግሌንዳ ፍጥነቷን ቀነሰች። «ታዲያ ምነው አልነገረችዎትም?»

«እኔ ደስ ብሎኝ ነበራ» አለ ዴልመር። «በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።» እንባው መጣ፣ አልደበቀውም።

«እንመለስ? ለአራተኛ ጊዜ ቢሰርዙ ማንም አይታዘብዎትም።»

«አይ፣ ንጂ። አንቺ ንጂ።»

የማኅበሩ ቢሮ ሲደርሱ ሊብሬውን አወጣና ሳያመነታ ፈረመ። ከዚያ ጸሐፊዋ ሌላ ቅጽ ሰጠችው። «አዲሱ ባለቤት ሊያውቀው የሚገባ ጉድለት ካለ ይግለጹ» ይላል። ግሌንዳ ስለ መጥረጊያው ይጽፋል ብላ ጠበቀች። ዴልመር ቅጹን ወደ ደካማ ዓይኑ አስጠግቶ፣ በፖስተኛ ጥርት ያለ ጽሕፈት እንዲህ ሲል ሞላው፦

«በግራ የሚቀመጠው ሰው ይፈራል። አልፈራሁም ቢላችሁም ይፈራል።»