ሀብታሙን ጥየቃ ወደ ቆሰበር

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዳንግላ መናኸሪያ ተነሳሁ። የምሄደው እንጅባራ ነው፤ ነባሮቹ ዛሬም ቆሰበር ይሏታል። ነርስ ነኝ። አምና የዝና የምትባል እናት የአራት ወር ልጇን ሀብታሙን አመጣችልኝ። ያስመልሰዋል፣ ይፈዛል፣ ጡት አይጠባም። አፉን ከፍቼ ሳይ እንጥሉ ተቆርጧል። ጎጂ ልማድ ነውና ምላሴ ተፈታ። ተቆጥቼ፣ ቁስሉን አክሜ ሸኘኋት። በአራተኛው ቀን ልጁ እየተንቀጠቀጠ ሆስፒታል ገባ። የዓይን ሐኪሙ በሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ በስተኋላ ደም ፈሶ አገኘ፤ ይህም ሕፃኑን ሰው በኃይል እንዳርገፈገፈው ያሳያል። ይህን ሳልጠረጥር ስለሸኘሁት ከዚያ ወዲህ ልሄድ ስል እግሬ እየያዘኝ ቀረሁ። ዛሬ ግን ማየት አለማየቱን ራሴ ላረጋግጥ ቆርጫለሁ።

አዲስ ቅዳም

ሚኒባሱ ከሰል ሊጭን ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት፣ "ወዴት ነሽ ልጄ?" አሉኝ።

"የታመመ ሕፃን ልጠይቅ።"

"ደግ አደረግሽ፣ እግዜር ይስጥሽ!"

ምርቃቱ አሳፈረኝ። እስክንደርስ ድረስ ለከሰል የተተከለውን ዛፍ በመስኮት ሳይ ቆየሁ።

ቆሰበር

ባጃጁ ከተማው ዳር ጭቃ ላይ አወረደኝ። የዝና ባሏ ከታሰረ ወዲህ እናቷ ቤት ናት። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ። ቀይ ክር ከሀብታሙ ፊት አወዛወዝሁ፤ ዓይኑ አልተከተለውም። ባትሪ ሳበራ ትንሽ ዞር አለ። እናቱ ስትናገር ግን ሳቀ።

"ሐኪሙ ምን አለሽ?"

"ደሙስ ጠፍቷል አለኝ፣ ሲስተር። የተጎዳው አንጎሉ ነው፤ ዓይኑ ቢድንም እንደ ሰው አያይም አለኝ።"

"ያን ቀን ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ልነግርዎ ነበር የመጣሁ። አባቱ ለቅሶው እንቅልፍ ቢነሳው ይዞ አርገፈገፈው። ሲያስመልሰው ጎረቤት እንጥሉ ነው አለችኝ፤ አስቆረጥሁት። እርስዎ ሲቆጡ፣ ለእንጥሉ እንዲህ ከሆኑ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉኝ ብዬ ዋጥሁት። በሦስተኛው ቀን አባቱ ደገመው።"

ይቅር በይኝ አልኋት። "ይተውት" ብላ ድንች ጨመረችልኝ።

ዳንግላ

አስር ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። እንጥል መቁረጥ ጎጂ መሆኑ እውነት ነው፤ መቆጣቴም ስህተት አይመስለኝም ነበር። ግን በዚያ ቁጣ የተነሳ ልጁ ወዳርገፈገፈው አባቱ ቤት ተመለሰ። የተርገፈገፈው የፊተኛውን ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያይ ነበር ወይ? ሐኪሙም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። አሁን የሚያስመልስና የሚፈዝ ሕፃን ሲመጣ በሩን ዘግቼ ከእናቱ ጎን እቀመጣለሁ፤ ሳልቆጣ፣ "ምን ሆነ?" እላለሁ። ይህን ለመማር የሀብታሙ ዓይን መጥፋት አልነበረበትም።