የእናቴ ጉርሻና የአባቴ ስግደት

ግቢያችን ውስጥ የተከራየችው ነርስ ጾም የላትም። ከደቡብ ተመድባ ቢቸና የመጣች ልጅ ናት፤ እምነቷ ሌላ ነው። በሁዳዴም ጠዋት ጠዋት እንቁላል በቅቤ ትጠብሳለች፤ እኛን እንዳታስቀይም በሯን ዘግታ። ሽታው ግን በበሩ ስር ሾልኮ ይወጣል። ባለፈው ረቡዕ ልብስ ሳሰጣ አገኘኝና እርጥቡን ቀሚስ እንደያዝኩ ቆምኩ። ሰው ሸቶት ይሆን ብዬ ወደ አጥሩ ዞር አልኩ። የምደብቀው ነገር አልነበረኝም፤ ከልጅነቴ ያልለቀቀኝ ልማድ ነው።

ያኔ የምንኖረው ሞጣ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ትምህርቴም እዚያው ላይ ቀረ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ካንሰር ነው ተባለ። ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ እየተመላለሰች በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ጀመረች። ሁለት ጊዜ ወስዳ እንደተመለስን ሁዳዴ ገባ። መድኃኒቱን የምትሰጠው ሴት ለአባቴ አስቀድማ ነግራው ነበር፤ "እንቁላል፣ ወተት፣ ጉበት ትብላ። ደሟ ከወረደ መድኃኒቱን አንሰጣትም፤ ትመለሳለች።" አባቴ መንገዱን ሙሉ "ትመለሳለች፣ ትመለሳለች" ሲል ሰማሁት።

እናቴ ግን ጾም አልፈታም አለች። የነፍስ አባታችን ቤት ድረስ መጡ።

"ልጄ፣ ለታመመ ሰው ተፈቅዷል። የምልሽ እኔ ነኝ፤ ብይ።"

"እሺ አባ" አለች፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ። ገና ከደጃፉ ሲወጡ ወደ አባቴ ዞረች። "እናንተ ሽሮ እየበላችሁ እኔ እንደ ድመት ጥግ ይዤ እንቁላል ልብላ? አላደርገውም።"

አባቴ ቄሱን ተከትሎ ወጣ። እኔም በሩ ስር ቆሜ አዳመጥኩ።

"አባ፣ እኔ ካልበላሁ አትበላም።"

"አንተ ምን ሆነህ? በሬ የምታክል ሰው።"

"አብሬያት ልብላ። ቀኖናውን ይስጡኝ።"

ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሙት። "እንግዲያው አርባ አንድ ትሰግዳለህ፣ በየቀኑ፤ ከቅዳሜና ከእሁድ በቀር። ለሰው እንዳታወራ ደግሞ። አገሩ ሁሉ ሚስቴ ታማለች እያለ እንዳይመጣብኝ።"

መጥበሱ የኔ ሥራ ሆነ። በሩን ዘግቼ፣ መስኮቱን በጨርቅ ወትፌ እጠብሳለሁ፤ ሽታውን እንዲሸፍንልኝ ደግሞ ወዲያው ኑግ አምሳለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። እንቁላሉ እሳት ላይ እያለ ሦስቴ አራቴ ወጥቼ አጥሩን እዞራለሁ። ጎረቤታችን አንድ ቀን ያዘችኝ።

"ምነው እናንተ ቤት በየቀኑ ኑግ ይታመሳል? ዘይት ቤት ልትከፍቱ ነው?"

"እማ ስለምትወደው ነው።"

"ትውደደው እንጂ። ለኛም ወዙን አካፍሉን" ብላ ሳቀች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አውቃ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ዋልኩ።

እናትና አባቴ ከአንድ ሳሕን ነበር የሚበሉት። አባቴ በጾም እንቁላል መብላቱ ስለሚያሳፍረው ዓይኑን ጨፍኖ ይጎርሳል። እናቴ ይህችን አየች። እሱ ዓይኑን ሲጨፍን እንቁላሉን ጠቅልላ ታጎርሰዋለች፤ ለራሷ ባዶውን እንጀራ ትቆርሳለች። እሱ ዓይኑን ሲገልጥ አፏ እየተንቀሳቀሰ ነው። ሳሕኑም ባዶ ነው። በሦስተኛው ቀን ሳያት ዓይናችን ተገጣጠመ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ለአባቴ አልነገርኩትም። እናቴ ናት።

ስግደቱን አባቴ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ይሰግዳል። ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ የሚውል ሰው ስለነበር ጉልበቱ ደህና አልነበረም። የምትቆጥርለት እናቴ ናት፤ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ።

"አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት..."

"አንች ሴትዮ፣ ዘለልሽ።"

"አንተ ስገድ። ቆጣሪዋ እኔ ነኝ።"

"እግዜርም አብሮ ይቆጥራል።"

"እሱ እንደ አንተ ጨካኝ አይደለም። አሥራ ስምንት።"

የቀጠሮው ቀን ሦስታችንም ሄድን። ደሟ ተቀድቶ ውጤቱ ሲመጣ ወርዷል ተባለ። ለሳምንት ተመለሱ አሉን። "በልታለች እኮ፤ አብሬያት ነው የበላሁት" አለ አባቴ፣ ሴትዮዋን ሳይሆን ወረቀቱን እያየ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመሐላቸው ተቀመጥኩ። የቀሚሴን ጫፍ ስፈትል ስፈትል ክሩ እጄ ላይ ቀረ። አዴትን እንዳለፍን አልቻልኩም።

"አባዬ፣ አልበላችም። ዓይንህን ስትጨፍን አንተን ነው የምታጎርስህ።"

እናቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። "ከሞትኩ ጾሜን ይዤ ልሙት ብዬ ነው" አለች።

በማግስቱ ማዕድ ሲቀርብ ዓይኑን አልጨፈነም። ጠቅልሎ አጎረሳትና እስክትውጥ ጠበቀ። ሁለተኛውን አጎረሳት። ሦስተኛውን በእጇ መለሰችው።

"በቃኝ።"

"የምትመልሻት እያንዳንዷ ጉርሻ አሥር ስግደት ናት" አለ። የሚቆጣ አይመስልም፤ ዋጋ የሚናገር ነው የሚመስለው። ከሰሌኑ ተነሥቶ መስገድ ጀመረ። እናቴ አልቆጠረችለትም። አሥሩን ጨርሶ መጥቶ ያንኑ ጉርሻ ዘረጋላት። እንደገና መለሰችው። እንደገና ተነሣ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ወርዶ መነሣት አቃተው። የአልጋውን እግር ይዞ ቀረ። እኔ ልደግፈው ስሮጥ በእጁ ከለከለኝ።

"ተው በቃ" አለች እናቴ። "አምጣው።"

እያለቀሰች በላች። እስከ ቀጠሮው ድረስ በየቀኑ እንዲሁ በላች፤ እሱም እያየ።

መድኃኒቱ የዘገየባት ያች ሳምንት ምን ያህል እንደጎዳቻት እስካሁን አላውቅም። ቀድሜ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አድራለሁ። ይህችን ተከራይ ነርስ ልጠይቃት ብዬ ሁለት ጊዜ በሯን አንኳኩቼ፣ ጨው ተቀብዬ ተመልሻለሁ። ልጆቼ ሲበሉ ጉሮሯቸውን ነው የማየው። "እማ፣ ዋጥነው እኮ" ይሉኛል።

ያኔ በሳምንቱ ስንመለስ ደሟ በቂ ነው ተባለና አስገቧት። እናቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ፋሲካ አይታለች፤ ሦስተኛውን አላየችም። ያን ቀን ግን ይህን አናውቅም።

ክፍሉ ውስጥ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ በሩ ክፍት ነው። መድኃኒቱ የገባበትን ግሉኮስ ሰቀሉላትና እንዳለቀ ጥሪን አሉኝ። አባቴ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሳስቷል። ብዙም ሳይቆይ ራሱ ወደ ግድግዳው ዘንበል አለና እንቅልፍ ወሰደው። እኔ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ጠብታው የዘገየ መሰለኝ። ቆይቶ የፈጠነ መሰለኝ። ልቀስቅሰውና ልጠይቀው ብዬ ትከሻውን ልነካ ስል እናቴ መርፌ የሌለበትን እጇን አነሣች።

"ተይው" አለች በከንፈሯ ብቻ። "ይተኛ።"

ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። እኔ ዓይኔን ከጠብታው ላይ አልነቀልኩም። እሷ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ጊዜም ቀና ብላ አላየችውም፤ አባቴን ነበር የምታየው።