ማሽኑን ማን አባለገው?

«ማሽኑን ማን ነው ያባለገው?» አሉ አለቃዬ ዛሬ፣ በቢሮው ሰው ሁሉ ፊት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እዚህ ሸዋ ሮቢት መሥሪያ ቤታችን ማመልከቻ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ሶፍትዌር አለው። ባለጉዳይ በስልክ ሲጠይቅ፣ ሶፍትዌሩን አይቶ የሚመልስለት ኤአይ ኤጀንት ነው። የኤጀንቱን መመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። (ሽፋኑ ላይ ያለው የአለቃዬ ስም ነው፤ እጃቸው ግን አልነካውም።)

ሶፍትዌሩ «ተከልክሏል» የሚል መልስ የለውም። እኛ ማንንም ከልክለን አናውቅማ! ሁሉም «በመታየት ላይ» ነው፤ የእኔ የእድገት ጥያቄ ጭምር።

ስለዚህ መመሪያው ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «በመታየት ላይ ከሆነ፣ ፋይሉ ማን ጋር እንዳለ ለባለጉዳዩ ንገር።»

ዛሬ ጠዋት እትዬ ዘሀራ ስለ መስኖ ፓምፕ ፈቃዳቸው ጠየቁ። ኤጀንቱም ፋይሉ አለቃዬ ጋር እንዳለና ገና እንዳልተከፈተ በትሕትና ነገራቸው። በባጃጅ ከተፍ ብለው አለቃዬ ፊት ቆሙ።

«አንተ፣ ፊልም ነው እንዴ የምታየው? ወላሂ፣ ሽንኩርቴ አረረ እኮ!»

ፈቃዱ እዚያው ተፈረመ። እትዬ ዘሀራ እንደወጡ ነው የእኔ ምርመራ የጀመረው።

«ያቺን መስመር እስከ ነገ ካላጠፋሽ፣ ሥራ የለሽም።»

«ትእዛዙን ጽፈው ይፈርሙልኝ» አልኳቸው።

እስክሪብቶ አነሱ። አዩኝ። መልሰው አስቀመጡት።

መስመሩ አልጠፋም፤ አላጠፋውምም። ነገ ካባረሩኝ ምክንያቱን ጽፈው ያባርሩኝ።

የእናንተስ ፋይል ማን ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል? ኮሜንት ላይ ማዕረጉን ብቻ ጻፉልኝ፤ ስሙን ኤጀንቱ ይነግረናል።