መቋሚያው ቀጥ ሲል

በስደት በምንኖርባት ከተማ ባሌ ባሕሪ ሠፈር የእንጨት ሥራ ቤት ሲውል፣ እኔ አል-ጣኢፍ ሠፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር። ካላክላ ሠፈር በተከራየንባት ግቢ ጎረቤታችን የሆኑት ሽማግሌ ማኅሌት ቋሚ ናቸው፤ እኛ የወሎ ሙስሊሞች ብንሆንም አባባ ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን መቋሚያቸው ሚኒባስ በር ላይ ተቀርቅሮ ለሁለት ተሰበረ። ያለ እሱ ማኅሌቱን ቆመው መጨረስ ስለማይችሉ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተዉ። በጥቂት ቀን እንዲያ ሲከሱ አይቼ አንጀቴን በሉት።

ባሌ መላ አለኝ አለ። ሁለቱን ስባሪ ከተሰበሩበት ጫፍ ወደ ውስጥ በጥልቀት ይበሳቸዋል፤ ቀጭን ብረት መሃል ገብቶ ያያይዛቸዋል። ቀዳዳው ከተጣመመ ግን የመሰርሰሪያው መብሻ፣ ፑንታው፣ በጎን ይወጣና እንጨቱ አለቀለት። እኔ ደግሞ ያልገባኝ ነገር ካለ እንቅልፍ የለኝም። ዓይን በማይደርስበት እንጨት ውስጥ ፑንታው ወዴት እንደሚሄድ በምን ታውቃለህ ብዬ ወጥሬ ያዝኩት። ቀለበትሽን አምጪ አለኝ።

የጋብቻ ቀለበቴን እያጉረመረምኩ ሰጠሁት። እንጨቱን ሞርሳው፣ የብረት ማሰሪያው፣ ላይ አጋድሞ አሰረና ቀለበቴን ረጅሙ ፑንታ ላይ አንጠለጠለው። መሰርሰሪያውን በእጁ ሲያዞር ቀለበቱ ወደ እንጨቱ ከሸሸ ፑንታው ወደ ታች አዘንብሏል፤ ወደ እሱ ከመጣ ወደ ላይ ሄዷል፤ ባለበት ከዋለለ መንገዱን ይዟል ማለት ነው። ወደ አንተ እየመጣ ነው፣ አሁን ሸሸ፣ እያልኩ አሰለቸሁት። ይህን ብልሃት እስከዚያ ቀን ደብቆኝ መኖሩ ግን አናደደኝ።

ሁለቱ ስባሪዎች ተጋጥመው ቀጥ አሉ። አባባ ተቀብለው ብብታቸው ሥር አስገቡት፤ ተደገፉት፤ ወዲያው አወጡት። አመስግነው አገላብጠው ያዩት ጀመር። ባሌ ምን ጎደለ ቢላቸው፣

«ልጄ፣ በጣም ቀና። የኔው እንዲህ አልነበረም» አሉት።

ለካ በተሰበረበት በኩል ጎበጥ ያለ ነበር፤ ያጎበጠውም የእሳቸው የዓመታት ክብደት ነው። የባሌ ፊት ጠቆረ። ደግነቱ ብረቱን ገና በሙጫ አላጣበቀውም ነበር። መዘዘውና ሞርሳው ላይ ይዞ በመዶሻ ትንሽ ጎበጥ አደረገው፤ የእንጨቱንም ጫፍ በሞረድ አጋደለለትና መልሶ ገጠመው። ያን ያህል የለፋበትን ቀጥተኝነት በገዛ እጁ ሲያበላሽ ሳየው አሳዘነኝ።

አባባ እንደገና ተደገፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ወዝወዝ አሉ፤ ግቢው መሃል ቆመው በለሆሳስ ማዜም ጀመሩ።

«ኸላስ፣ አለቀ አባባ» አለ ባሌ፤ «ማን ሠራልዎ ቢሉዎት ግን ስሜን እንዳያነሱ፤ ጠማማ ሠራ ይሉኛል።»

አልሰሙትም። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ከደረሱ ቆይተዋል።