ሦስት ጣት

ግራይንደሩ የቮልሷን የኋላ ግራ ፓራፋንጎ በልቶ ጨረሰ፤ የተቆረጠው ላሜራ እንደ ማጭድ ታጥፎ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ቦጋለ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ የነበረ የጎማ ሽፋን ነው። ሌላ አይገኝለትም።

ጎፋ በሚገኘው በዚህ ጋራዥ ሠላሳ አራት ዓመት ላሜራ ቀጥቅጧል። ቮልሷን ያመጣት ኢያቄም የሚባል ወጣት ነው፤ ከአባቱ የወረሳት ናት። ሰፋፊ ቸርኬ ገዛ፤ ጎማው ከቦዲው አልፎ ወጣ። ስለዚህ ፓራፋንጎው ተቆርጦ፣ ተጨማሪ ላሜራ ተበይዶበት እንዲሰፋለት ፈለገ። የጋራዡ ባለቤት ሮበሌ ሥራውን ለቦጋለ ሲሰጥ ነገር አላበዛም።

«ጋሼ፣ ባለፈው የሠሩት የፒክአፕ በር ተበላሽቶ ተመልሶብናል። ይቺ ከተበላሸች ግን ከእንግዲህ ላሜራ አይነኩም።»

«አትበላሽም» አለ ቦጋለ።

ያልተናገረው የጉልበቱን ነገር ነው። ከሰኔ ወዲህ አንዴ ከተንበረከከ ሰው ካልደገፈው አይነሳም። ስለዚህ ቮልሷን በክሪክ አንስቶ ከፍ ያለ የብረት መቆሚያ ላይ ሰቀላት። ጎማው እስከ ደረቱ መጣለት።

«ጋሽ ቦጌ፣ ቆመህ ነው እንዴ የምትለካው?» አለችው ቀለም ቀቢዋ ኦብሴ። «ልብስ ሰፊ ሆንክ?»

«አንቺ ቀለምሽን በጥብጪ።»

«እሺ። ኮቱ ሲያልቅ ጥራኝ።»

እሱ ራሱ ለስንቱ ያስተማረው ነገር ነው። ቮልስ ሲሰቀል የኋላ ጎማዎቹን እንደ ዶሮ እግር ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ መሬት ሲነካ ወደ ውጭ ይከፍታቸዋል። መሬት ላይ ታቆመዋለህ፣ ከኋላ ሁለት ሰው ታስቀምጣለህ፣ ከዚያ ተንበርክከህ ትለካለህ። ቦጋለ አልረሳውም። እንደተሰቀለች ለካ፤ ልዩነቱን በዓይኔ እደርስበታለሁ ብሎ ሦስት ጣት ስፋት ያለው ላሜራ ጨመረ።

ብየዳው ሁለት ቀን ፈጀ። ስቱኮው ተለጠፈ፣ ኦብሴ ቀባችው። ሐሙስ ከሰዓት ቮልሷ ወረደች። ጎማው እየተከፈተ ወደ ላይ ወጣና ጠርዙ ሥር አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። ኢያቄም ዞሮ ዞሮ አያት።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» አለ።

ቦጋለ ግድግዳውን ተደገፈ። ተርፏል።

«ሰው ጭነን እንያት» አለ ሮበሌ። ከኦብሴ ጋር ከኋላ ገቡ፤ ኢያቄም መሪውን ያዘ። መኪናዋ ከግቢው ወጥታ በሩ ፊት ያለውን ጉብታ ስትሻገር ጎማው ላሜራውን ሲነክስ የሰማው ቦጋለ ብቻ አይደለም፤ ማዶ ያለው የሱቅ ባለቤት አንገቱን አውጥቶ አየ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። አዲሱ ቀለም ተሰነጣጥቋል፤ ብየዳው ከነስቱኮው ተከፍቷል።

ኢያቄም ወርዶ የተከፈተውን ቦታ በመዳፉ ሸፈነው።

«ስንት ጣት ጨመሩ?» አለ ሮበሌ።

«ሦስት።»

«አምስት የሚፈልግ መሆኑን እኔን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ለምን መሬት ላይ አልለኩም?»

ኦብሴ ቀና ብላ አየችው። ቦጋለ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ እጁን ጠረገ። እጁ ንጹሕ ነበር።

«ረሳሁ» አለ።

በማግስቱ ከላሜራ ክፍል ተነሳ። አሁን የጋራዡ በር ጠባቂ ነው።